ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር

በኢትዮጵያ የዘመናዊ መንግሥት አስተዳደር ታሪክ ውስጥ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርትና የመንግሥትን ሥራ በአንድ ሕይወት አዋሕደው ካለፉ ታላላቅ ሰዎች መካከል ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። በመርሐ ቤቴ ገጠር ተወልደው፣ በግዕዝ መጻሕፍት ተኮትኩተው ያደጉት እኚህ ሊቅ የማዘጋጃ ቤት ኃላፊ፣ ዳኛ፣ ደራሲ፣ የማተሚያ ቤት ባለቤትና በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በመሆን አገራቸውን አገልግለዋል። ሕይወታቸው ያለፈው ግን ካገለገሉት መሬት ርቀው፣ አገራቸው በጠላት እጅ በወደቀችበት ወቅት፣ በእንግሊዝ አገር በስደት ላይ ሳሉ ነበር።

የብላቴን ጌታ ኅሩይ የሕይወት ታሪክ የአንድ ሰው የሹመት ታሪክ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ነፃነቷን በጦር ሜዳ ካስከበረች በኋላ በሕግ፣ በውልና በትምህርት ለማጽናት ያደረገችውን ጥረት፣ የጥረቱንም ውጤትና መሰናክል አብሮ የሚያሳይ ነው።

ልደትና ትምህርት

ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የልጅነት ዘመናቸው የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መንግሥት እየሰፋና እየጠነከረ የሄደበት ወቅት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ አንድ የገጠር ልጅ ከእርሻና ከወታደርነት ሌላ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ሊያደርሰው የሚችለው ዋነኛው መንገድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበር። ይኸውም ከፊደልና ከንባብ ጀምሮ ዳዊት መድገምን፣ ዜማን፣ ቅኔንና የመጻሕፍትን ትርጓሜ በየደረጃው የሚያጠቃልል፣ ብዙ ዓመታትን የሚፈጅ ትምህርት ነው።

ወጣቱ ኅሩይም በዚሁ ሥርዓት ተምረው ቆይተው ወደ አዲስ አበባ በመምጣት በእንጦጦ ርእሰ አድባራት ቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን ቀጠሉ። እንጦጦ በዚያ ዘመን ከቤተ መንግሥቱ ቅርብ ስለነበር፣ በደብሩ የሚማሩና የሚያገለግሉ ሊቃውንት በመንግሥት ሰዎች ዘንድ የመታወቅ ዕድል ነበራቸው። ጽሕፈታቸውና የግዕዝ ዕውቀታቸው ለመንግሥት ሥራ የሚፈለግ ሆኖ በመገኘቱ ኅሩይ ከደብሩ አገልግሎት ወደ ጸሐፊነት ተሸጋገሩ። ከዚሁ ጎን ለጎን የእንግሊዝኛ ቋንቋ መማራቸው ኋላ ለተሰማሩበት የውጭ ግንኙነት ሥራ መሠረት ሆኗቸዋል።

ይህ ከደብር ወደ ጽሕፈት ቤት የተደረገ ጉዞ የኅሩይ ብቻ አልነበረም። በጎጃም የዲማ ጊዮርጊስ፣ የደብረ ኤልያስ፣ የዋሸራና የጎንጂ ጉባኤ ቤቶች ለብዙ ዘመናት ሊቃውንትን ሲያፈሩ እንደኖሩ ይታወቃል። ከእነዚህ ቤቶች የወጡ ሰዎች የቤተ ክርስቲያን መምህራን ብቻ ሳይሆኑ የገዥዎች ጸሐፊዎች፣ ዳኞችና አማካሪዎች ነበሩ። የዘመናዊ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ተማሪዎች ገና በጣት በሚቆጠሩበት ጊዜ የመንግሥትን ደብዳቤ የሚጽፈው፣ የርስት ክርክር የሚመዘግበውና ፍትሐ ነገሥቱን ተመልክቶ ፍርድ የሚያመለክተው በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት ያለፈ ሰው ነበር። ኅሩይን ከብዙዎቹ የሚለያቸው ይህን ዕውቀት ይዘው ወደ ዓለም አቀፍ መድረክ መውጣታቸውና በየደረሱበት ያዩትን ሁሉ ለአገራቸው ሰው በጽሑፍ ማስተላለፋቸው ነው።

የመጻሕፍት ቈጠራና የመጀመሪያው የባሕር ማዶ ጉዞ

በ1903 ዓ.ም የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ ሲጭኑ ኢትዮጵያን ወክሎ ወደ ሎንዶን በተላከው ልዑክ ውስጥ ኅሩይ ተካተው ነበር። ልዑኩን የመሩት በኋላ ልዑል ራስ የተባሉት ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ናቸው። ጉዞው ለኅሩይ ከአውሮፓ ጋር የመጀመሪያው መተዋወቂያ ሲሆን፣ የባቡርን፣ የመርከብን፣ የፋብሪካንና የትምህርት ቤትን ኃይል በዓይናቸው እንዲያዩ አስችሏቸዋል። ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ሕይወታቸው የሚያልፈውም በዚያው አገር ነበር።

ከዚህ ጉዞ መልስ፣ በ1904 ዓ.ም በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ። ሥራው በመልኩ አነስተኛ ቢመስልም በይዘቱ ከፍተኛ ትርጉም ያለው ነው። የአገሪቱ መጻሕፍት በየገዳሙና በየደብሩ ዕቃ ቤት ተበታትነው ይገኙ ስለነበር ምን እንዳለና ምን እንደሌለ ለማወቅ አስቸጋሪ ነበር። ኅሩይ ዝርዝሩን በማዘጋጀት አንድ ሕዝብ ያለውን ሀብት ቈጥሮ ማወቅ የአስተዳደር የመጀመሪያ ተግባር መሆኑን በሥራ አሳይተዋል። ዝርዝሩም ዘግየት ብሎ በ1920 ዓ.ም ተሻሽሎ እንደገና ታትሟል።

በሃይማኖት ትምህርት ረገድም መጽሐፍ ቅዱስን ሕዝቡ በሚናገረው በአማርኛ ቋንቋ አጣርቶ ለማዘጋጀት በተደረገው ሥራ ከተሳተፉት ሊቃውንት አንዱ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ቅዳሴውና ንባቡ በግዕዝ፣ ትርጓሜው ደግሞ በመምህራን ቃል የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን በአማርኛ ማንበብ ለብዙዎች አዲስ ነገር ነበር። ኅሩይ ግን ግዕዝን ሳያቃልሉ አማርኛን ለከፍተኛ አሳብ መግለጫ ለማብቃት የሚቻል መሆኑን ያምኑ ነበር። ይህ እምነታቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሥራቸው ሳይለወጥ ኖሯል።

በመንግሥት ኃላፊነት

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተነሥተው ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡና ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሲሆኑ፣ ለኅሩይ አዲስ የሥራ ምዕራፍ ተከፈተ። አልጋ ወራሹ የአስተዳደር ማሻሻያ ለማድረግ ያስቡ ስለነበር፣ የነባሩን ትምህርት ክብር የሚያውቅ፣ አዲሱንም የማይፈራ ሰው ይፈልጉ ነበር። ኅሩይም በቅድሚያ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት በኃላፊነት ተመደቡ። ከተማዋ ከተቈረቈረች ሠላሳ ዓመት ያህል ብቻ የሆናት በመሆኗ የመሬት ይዞታ፣ የመንገድ፣ የጽዳትና የጸጥታ ጉዳዮች ገና መልክ ያልያዙበት ጊዜ ነበር።

በ1911 ዓ.ም ክረምት፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ፣ ድል አድራጊዎቹን መንግሥታት እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ በተላኩት ልዑካን ውስጥ ከደጃዝማች ናደውና ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ጋር ተጉዘዋል። ልዑካኑ በዋሽንግተን ከፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን መንግሥት ጋር ግንኙነት ያደረጉ ሲሆን፣ ይህም በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ለነበረው ግንኙነት መታደስ ምክንያት ሆኗል።

ከዚህ በኋላ የተሰጣቸው ሹመት የቤተ ክርስቲያን ሊቅነታቸውንና የሕግ ዕውቀታቸውን በብርቱ የፈተነ ነበር። በ1900 ዓ.ም ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል መሠረት፣ በውጭ አገር ዜጎችና በኢትዮጵያውያን መካከል የሚነሡ ክርክሮች በኢትዮጵያዊ ዳኛና በቆንስል አንድ ላይ እንዲታዩ ተወስኖ ነበር። ተከሳሹ ኢትዮጵያዊ ሲሆን በኢትዮጵያ ሕግ፣ የውጭ ዜጋ ሲሆን ደግሞ በአገሩ ሕግ ይዳኛል። ሌሎች መንግሥታትም ይኸው መብት ይገባናል በማለታቸው ሥርዓቱ ሰፋ። አሠራሩ የአገሪቱን የዳኝነት ሉዓላዊነት የሚሸራርፍ ከመሆኑም በላይ፣ ኢትዮጵያዊው ዳኛ ከቆንስሎች ጋር ጉልበት ለጉልበት የሚፈታተንበት መድረክ ሆነ። ይህን ጉዳይ ለማየት የተቋቋመውን ልዩ ፍርድ ቤት በበላይነት ከመሩት አንዱ ኅሩይ ናቸው።

በዚህ ችሎት ላይ ያገኙት ልምድ ኋላ ለያዙት የውጭ ጉዳይ ሥራ ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ቃል በውል ውስጥ እንዴት እንደተጻፈ አገርን የሚጠቅም ወይም የሚጎዳ መሆኑን በየዕለቱ ይመለከቱ ነበር። በመጻሕፍት ቤት አንዱን ንባብ በብዙ መንገድ መተርጐም የለመደ ሊቅ፣ እዚህ ደግሞ የትርጓሜ ልዩነት የአንድን ገበሬ ርስት ወይም የአንድን ነጋዴ ገንዘብ ሲያስወስድ ያያል። የኢትዮጵያ ሕግ በዘመናዊ መልክ ካልተጻፈ የውጭ መንግሥታት ልዩ መብታቸውን እንደማይለቁም ግልጽ ሆኖ ነበር።

በ1916 ዓ.ም ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። በዚያው ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ግብፅና አውሮፓ ሲጓዙ ኅሩይ ከተከታዮቻቸው መካከል ነበሩ። የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትና የትግራዩ ራስ ሥዩም መንገሻም በዚህ ጉዞ ተሳትፈዋል። ኅሩይ የጉዞውን ሁኔታ «ደስታና ክብር» በተሰኘው መጽሐፋቸው መዝግበው ለአንባቢ አቅርበዋል።

ብዕርና ማተሚያ ቤት

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በመንግሥት ሥራ ተጠምደው ሳለ የጻፏቸው መጻሕፍት ከሃያ በላይ እንደሆኑ ይታወቃል። በ1910 ዓ.ም «ለልጅ ምክር፣ ለአባት መታሰቢያ» የተሰኘውን የምክር መጽሐፍ አሳተሙ። በ1915 ዓ.ም «ወዳጄ ልቤ» የተባለውን በምሳሌ የተጻፈ ሥራ አቀረቡ። በዚህ መጽሐፍ ላይ የእንግሊዛዊው ሰባኪና ደራሲ የጆን በንያን የክርስቲያን ጉዞ ተጽዕኖ እንዳለበት የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ ኅሩይ ያንን መልክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በሚስማማ የአማርኛ አነጋገርና በአገሩ የሃይማኖት ትምህርት መንፈስ አዘጋጅተውታል።

በዚያው ዓመት የታተመው «የሕይወት ታሪክ» ደግሞ የኢትዮጵያን ነገሥታት፣ መኳንንትና ሊቃውንት ታሪክ በአጭር በአጭሩ የያዘ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ሥራ ነው። «ዋዜማ» በ1921 ዓ.ም ታትሟል። ከእነዚህም በተጨማሪ ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤት በማቋቋም የሕትመትን ሥራ በግላቸው አስፋፍተዋል። በዚያ ዘመን አንድ የመንግሥት ሹም ገንዘቡን በመሬትና በቤት ላይ ማዋል በተለመደበት ሁኔታ በማተሚያ መሣሪያ ላይ ማዋሉ ያልተለመደ ተግባር ነበር።

ኅሩይ በልብ ወለድ ሥራዎቻቸው ያነሷቸው ጉዳዮች ግን ከሁሉም ይበልጥ ድፍረት የሚጠይቁ ናቸው። በ1923 ዓ.ም ያሳተሙት «የልብ አሳብ» የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ በመተረክ በልጅነት ዕድሜ የሚፈጸም ጋብቻ የሚያስከትለውን ጉዳት ያሳያል። በ1925 ዓ.ም የታተመው «አዲስ ዓለም» ደግሞ ዐወቀ የተባለ የተጉለት ወጣት ወደ ፓሪስ ሄዶ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ ከዘመዶቹና ከአካባቢው ሰዎች ጋር የገጠመውን የአሳብ ግጭት ይተርካል። የግጭቱ ምክንያቶች ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ ቅርብ ናቸው። በለቅሶ ላይ ፊትን መንጨት፣ ለተዝካር ከአቅም በላይ ድግስ መደገስ፣ በዕዳ መዘፈቅ፣ ወላጆች በመረጡት ብቻ መጋባት የመሳሰሉት ልማዶች በታሪኩ ውስጥ ይፈተሻሉ።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ጉዳይ አለ። ይህን ሂስ ያቀረቡት በውጭ አገር ትምህርት ቤት ያደጉና ከአገራቸው ልማድ የራቁ ሰው አልነበሩም። ተዝካርን ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ጾምንና ጸሎትን ከልማድ ለይተው የሚያውቁ የደብር ልጅ ነበሩ። በመሆኑም ሂሳቸው ከሃይማኖቱ ውስጥ የመነጨ ነው። በ«አዲስ ዓለም» መጨረሻም መፍትሔው የሚፈለገው ቤተ ክርስቲያንን በመተው ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ራሳቸው ተሰብስበው ስለ ልማዶቹ እንዲመክሩ በማድረግ ነው። ለውጥ የሚጸናው ሕዝቡ የሚያከብረው ወገን ሲቀበለው መሆኑን ደራሲው የተረዱት ይመስላል።

ወደ ጃፓን የተደረገው ጉዞ

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ከጫኑ በኋላ ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚሁ ዓመት ሐምሌ 9 ቀን የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት የታወጀ ሲሆን፣ በዝግጅቱ የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት በአርአያነት አገልግሏል። ጃፓን በአጭር ዘመን ውስጥ ንጉሣዊ ሥርዓቷንና ባሕሏን ሳትጥል በኢንዱስትሪና በጦር ኃይል ከታላላቆቹ መንግሥታት ተርታ መሰለፏ በጊዜው የነበሩትን ኢትዮጵያውያን ምሁራን በእጅጉ ይማርክ ነበር።

ኅሩይ በ1924 ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ልዑካን ቡድን በመምራት ወደ ጃፓን ተጓዙ። ጃፓን ለዘውድ በዓሉ መልእክተኛ በመላኳ ምስጋና ማቅረብ የጉዞው ይፋዊ ዓላማ ሲሆን፣ ዋናው ጉዳይ ግን የንግድና የወዳጅነት ግንኙነትን ማጠናከር ነበር። በቆይታቸው ትምህርት ቤቶችን፣ ፋብሪካዎችንና የጦር ተቋማትን ጎብኝተዋል፤ ከንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶም ጋር ተገናኝተዋል። ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈው በ1924 ዓ.ም አሳትመዋል። መጽሐፉ በኋላ ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሟል።

ይህ ተስፋ ግን የታሰበውን ያህል አልሰመረም። ከልዑካኑ አንዱ የነበሩት ልጅ አርአያ አበበ ከአንዲት ጃፓናዊት ወይዘሪት ጋር ሊፈጽሙት የታሰበው ጋብቻ በ1926 ዓ.ም ቀርቷል። የጃፓን መንግሥትም የኢጣልያ ወረራ በተጀመረ ጊዜ ለኢትዮጵያ አልቆመም። በ1929 ዓ.ም የኢጣልያን ግዛት በኢትዮጵያ ላይ ዕውቅና ከሰጡት መንግሥታት አንዷ ጃፓን ነበረች። የሩቅ አገርን አርአያነት መከተልና በዚያች አገር ወዳጅነት መተማመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይህ ክስተት ለኢትዮጵያ ዲፕሎማሲ አስተምሮ አልፏል።

ወልወልና ጄኔቫ

ኢትዮጵያ ከኢጣልያ ጋር በ1920 ዓ.ም የሃያ ዓመት የወዳጅነትና የእርቅ ውል ተፈራርማ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት የሚነሣባቸውን አለመግባባት በሽማግሌ ዳኝነት እንዲፈቱ ውሉ ያዝዛል። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም በኦጋዴን ወልወል በተባለው የውኃ ጉድጓድ አካባቢ ግጭት በተነሣ ጊዜ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኅሩይ የመጀመሪያ እርምጃ ይህን ውል መጥቀስ ነበር። ኢጣልያ ግን ካሣና ይቅርታ ብቻ በመጠየቅ ዳኝነቱን አልቀበልም አለች። ኢትዮጵያም ጉዳዩን ወደ መንግሥታት ማኅበር ወሰደች።

ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ከአዲስ አበባ ወደ ጄኔቫ የተላኩት በርካታ ቴሌግራሞች የብላቴን ጌታ ኅሩይን ስም የያዙ ናቸው። ቴሌግራሞቹ ኢጣልያ በኤርትራና በሶማሊያ የምታከማቸውን ጦር፣ የምትጥሰውን ውልና ወረራው ከተጀመረም በኋላ በአውሮፕላን የሚጣለውን ቦምብና የመርዝ ጋዝ ለዓለም መንግሥታት የሚያስታውቁ ነበሩ። ማኅበሩ መስከረም 1928 ዓ.ም ኢጣልያን ወራሪ ናት ብሎ ወሰነ፤ ሃምሳ ያህል መንግሥታትም የኢኮኖሚ ማዕቀብ እንዲጣል ተስማሙ። ይሁን እንጂ ነዳጅ ዘይት በማዕቀቡ ውስጥ ሳይካተት፣ የስዊዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ሳይዘጋ ቀረ። ለኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ መሸጥ ግን አስቀድሞ ተገድቦ ነበር።

የጽሑፍ ቃል ኃይል እንዳለው አምነው ዕድሜያቸውን ላሳለፉት ሚኒስትር ይህ ከባድ ፈተና ነበር። ኢትዮጵያ በማኅበሩ መተዳደሪያ መሠረት የሚገባትን ሁሉ ፈጽማለች፤ ደብዳቤውም ቴሌግራሙም በወቅቱ ደርሷል። የጎደለው ሕጉን የሚያስከብር ፈቃድ ነበር። ኅሩይ መዝግበው ያስተላለፉት ሰነድ በዚያን ጊዜ ወረራውን ባያስቆምም፣ ወራሪው ማን እንደነበረና ምን እንዳደረገ ለታሪክ ፍርድ በማያሻማ ሁኔታ ትቶ አልፏል።

ስደትና ሐዘን

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም በማይጨው ከተደረገው ጦርነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ተነሥተው በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ ሄዱ። ብላቴን ጌታ ኅሩይም አብረው ተሰደዱ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ ጉባኤ ፊት ቀርበው የኢትዮጵያን አቤቱታ ሲያሰሙ፣ የኅሩይና የባልደረቦቻቸው የዓመታት የዲፕሎማሲ ድካም በአንድ መድረክ ላይ ተጠቃሎ ታየ። ጉባኤው ግን ማዕቀቡን ለማንሣት ወሰነ።

የስደቱ ቤተ መንግሥት የተቀመጠው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በባዝ ከተማ ፌርፊልድ በተባለው ቤት ነበር። ኑሮው የገንዘብ እጥረት፣ ያልለመዱት ብርድና ከሁሉም በላይ ከአገር ቤት የሚመጣው ክፉ ወሬ የተፈራረቁበት ነበር። በኢየሩሳሌም፣ በኬንያና በሱዳን የተበተኑት ስደተኞች ዕርዳታ ይጠይቃሉ፤ በጎጃም፣ በሸዋና በሌሎችም ክፍላተ ሀገር በዱር የሚዋጉት አርበኞች መልእክት ይጠባበቃሉ። ለእነዚህ ሁሉ መልስ መስጠት በስደት ያለው ጥቂት የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሥራ ነበር።

ለብላቴን ጌታ ኅሩይ ሐዘኑ ከአገር አልፎ ወደ ቤታቸውም ገብቷል። በእንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱት ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ ኅሩይ የጥቁር አንበሳ አርበኞች ማኅበር አባል ነበሩ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ ፋሽስቶች የተማሩትን ኢትዮጵያውያን ለይተው ሲገድሉ እርሳቸውም ተገድለዋል። አባት ልጆቻቸውን በውጭ አገር ያስተማሩት አገራቸውን በዕውቀት እንዲያገለግሉ ነበር። ጠላትም የገደላቸው ለዚሁ ለዕውቀታቸው ነው። በጊዜው የጠፋው የተማረ ትውልድ አገሪቱ ከነፃነት በኋላ ብዙ ዓመት የተሰማትን ክፍተት ፈጥሯል።

የመጻሕፍት ሥራቸውም ከጥቃቱ አላመለጠም። የኢትዮጵያን ታሪክ በሰፊው የሚተርከው መጽሐፋቸው ወረራው በደረሰ ጊዜ በሕትመት ላይ የነበረ ሲሆን፣ በወቅቱ ለአንባቢ ሳይደርስ ቀርቷል።

በ1930 ዓ.ም የፖለቲካው ሁኔታ ይበልጥ ጨለመ። በሚያዝያ ወር እንግሊዝ ከኢጣልያ ጋር ተስማማች። በግንቦት ወር ደግሞ በጄኔቫ የማኅበሩ ምክር ቤት አባል መንግሥታት የኢጣልያን ግዛት ለመቀበል እያንዳንዳቸው ነፃ እንዲሆኑ መንገዱ ተከፈተ። ኢትዮጵያ ስትሟገትባቸው የኖሩት በሮች አንድ በአንድ ተዘጉ። በዚህ ተስፋ በሳሳበት ወቅት፣ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው በባዝ ከተማ አረፉ። የቀብራቸው ሥነ ሥርዓትም በስደት ላይ በነበሩት ንጉሠ ነገሥትና በጥቂት ኢትዮጵያውያን ፊት በዚያው ተፈጸመ።

በጎጃም በኩል የተደረገው ምልሰት

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ሳያዩት ያለፉት የነፃነት ቀን ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ መጣ። ኢጣልያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን ጎን በመሰለፏ እንግሊዝ ለኢትዮጵያ የነበራትን አቋም ለወጠች። ንጉሠ ነገሥቱም ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም በኦሜድላ የኢትዮጵያን ድንበር ተሻግረው ገቡ። ጉዞው በጎጃም ምድር የተደረገ ሲሆን፣ የጎጃም አርበኞች ለአምስት ዓመት ያህል ሳያርፉ በመዋጋታቸው ጠላት አስቀድሞ ተዳክሞ ነበር። የኢጣልያ ጦር ቡሬን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ በየካቲት መጨረሻ በደምበጫ አቅራቢያ ከኢትዮጵያውያን ወታደሮች ጋር ከባድ ውጊያ ተደርጓል። ደምበጫ ከተለቀቀ በኋላም የደብረ ማርቆስ መንገድ ተከፍቶ ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ደግሞ አዲስ አበባ ገቡ።

ጄኔቫ ያልመለሰው አቤቱታ በቡሬ፣ በደምበጫና በደብረ ማርቆስ መንገድ በአርበኞች ደም መልስ አገኘ። ይህ ማለት ግን የብላቴን ጌታ ኅሩይ ሥራ ከንቱ ቀርቷል ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ በስደት ዘመንም ሉዓላዊነቷን በጽሑፍ ሳትለቅ፣ መብቷን በሰነድ ሳታስተላልፍ በመቆየቷ ከነፃነት በኋላ በዓለም አቀፍ መድረክ ለመቆም መሠረት ሆኗታል። አርበኛው መሬቱን ሲጠብቅ ዲፕሎማቱ ስሙን ጠብቋል።

የተዉት ቅርስ

ከደብር ተነሥቶ ወደ ዲፕሎማሲ የሚወስደው መንገድም ከእርሳቸው ጋር አልተዘጋም። በደብረ ማርቆስ አካባቢ በ1902 ዓ.ም የተወለዱትና በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀሰሙት ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ በአርበኝነት ከተዋጉና በኢጣልያ ከታሰሩ በኋላ አገራቸውን በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። በ1958 ዓ.ም ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነሷቸው የልማድና የፍትሕ ጥያቄዎች ኅሩይ በ«አዲስ ዓለም» ካነሷቸው ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። ከኅሩይ ልጆች አንዱ የሆኑት ሲራክ ኅሩይም የእንግሊዛዊውን ደራሲ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራስላስ» ወደ አማርኛ በመተርጐም የአባታቸውን ፈለግ ተከትለዋል።

የብላቴን ጌታ ኅሩይን አገልግሎት ያለ ነቀፌታ የሚመለከቱት ሁሉም አይደሉም። ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ሹም እንደመሆናቸው በመጻሕፍቶቻቸው የዘመኑን መንግሥት በምስጋና እንጂ በትችት አይመለከቱም። ለውጥን የሚሹትም በምክርና በትምህርት፣ በዝግታ እንዲመጣ ነበር። ከእርሳቸው በኋላ የመጣው ትውልድ ይህን ዝግታ አልወደደውም። ነገር ግን የልጅነት ጋብቻና ከአቅም በላይ የሆነ ድግስ ከእርሳቸው በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት የመንግሥት ሠራተኞችና የሃይማኖት አባቶች የሚመክሩባቸው ጉዳዮች ሆነው መቀጠላቸው፣ ጥያቄዎቹን አስቀድመው በትክክል እንዳዩ ያረጋግጣል።

መጻሕፍትን በመቊጠር የተጀመረው የብላቴን ጌታ ኅሩይ የሥራ ዘመን የአገርን አቤቱታ በመጻፍ ተጠናቋል። በያዙት ሹመት ሁሉ ያዩትን መዝግበው፣ የሠሩትን በጽሑፍ አስቀምጠው አልፈዋል። የያዙት ወንበር ከእርሳቸው በኋላ ለብዙዎች ተላልፏል፤ መጻሕፍቶቻቸው ግን ዛሬም በአንባቢ እጅ ይገኛሉ።